ጥፋቱ የእትዬ ጣት አይደለም

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትወጡ ውርጌሳን አልፋችሁ መርሳ ትገባላችሁ፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብርቱካኑ፣ ማንጎው፣ ፓፓያው ከመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይቀበላችኋል። ከመርሳ ወጥታችሁ ወልድያ ሳትደርሱ ደግሞ ሲሪንቃ አለች። መንገደኛው በአውቶቡስ መስኮት አይቷት ያልፋል። እኛ ግን እዚያ እንወርዳለን፤ ትረካዬ የሚነሣው ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነውና። ከማሽላ ተነሥቶ ስልክ ላይ ይደርሳል። ማሽላና ስልክ ምን አገናኛቸው የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

በዚያ ቆላ አቀንጭራ የሚሉት አረም አለ። ሐምራዊ አበባው ያምራል። ነገር ግን አበባው ብቅ ከማለቱ በፊት ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ጨብጦ ምግቡን መጥጦታል። ገበሬው ማሽላው ሲጠወልግና ሲቀጭጭ ያያል፤ ሌባውን የሚያየው ግን ከረፈደ በኋላ ነው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከዚያ ሥራ የተገኙ ሁለት ዝርያዎች በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቀቁ። አንዱ ጎብዬ፣ ሌላው አብሽር ተባለ። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ ናት። ሲሪንቃም በበኩሉ ብርሃንን፣ ግራናን፣ ራያን የመሳሰሉ ዝርያዎች አወጣ። ቶሎ ይደርሳሉ፣ ዝናብ ሲያጥር አይከዱም፤ በኩንታልና በሔክታር ሲሰሉ እንከን የላቸውም።

ገበሬው ግን ማሳውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "አገዳውስ?" አለ።

በራያና በየጁ ቆላ ማሽላ ማለት ፍሬው ብቻ አይደለም። አገዳው በበጋ የበሬው ቀለብ ነው፤ አጥር ይታጠርበታል፣ ጎጆ ይሠራበታል፣ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ጅጉርቲ፣ ደጋሊት የሚባሉት የአገሩ ዝርያዎች በሚያዝያ ተዘርተው፣ ክረምቱን ተሻግረው፣ ሰው የሚውጥ ቁመት ያወጣሉ። አዲሱ ማሽላ አጭር ነው። ደግሞም ቀድሞ ስለሚደርስ የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ገና አረንጓዴ ሳለ እሱ ብቻውን ፍሬ አንጠልጥሎ ይቆማል። ግሪሳው ታዲያ የት ይሂድ? ያገሩ ወፍ ተጠራርቶ እዚያች ማሳ ላይ ይወርዳል። ልጆች ትምህርታቸውን ትተው ማማ ላይ ወንጭፍ ሲያስጮሁ ይውላሉ። ምርምር ማዕከሉ ውስጥ ቶሎ መድረስ ትልቅ መልካምነት ነበር፤ ገበሬው ማሳ ላይ ግን ወፍ ጠባቂ የሚጠይቅ ዕዳ ሆነ። ከዚያም የእንጀራው ነገር አለ፤ ሲጋገር ዓይን ያወጣል ወይ? ሲያድር ይደርቃል ወይ? ይህን የምታውቀው ባለ ምጣዷ ናት፤ እሷን ደግሞ በመጀመሪያው ወረፋ የጠየቃት አልነበረም።

ስንት ቢሮ ውስጥ "ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም" ሲባል ሰምተናል! ሐሰት ነው። ያው ገበሬ የሚያዝያው ዝናብ ሲከዳው ቶሎ የሚደርስ ዘር ፍለጋ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። አጭሩን ማሽላ የሚንቅ ሰው አይደለም፤ መቼና ለምን እንደሚጠቅመው ከሠሪው ቀድሞ ያውቃል። የምርምር ሰዎችም ይህን ተረድተው ገበሬዎችን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ወደ ሙከራ ማሳ ማስገባት ጀመሩ። ዝርያዎቹ ጎን ለጎን ተዘርተው ይቆማሉ፤ ገበሬው በራሱ መለኪያ ይመርጣል፤ ተመራማሪው አጠገቡ ቆሞ ለምን ይህን እንዳስበለጠ ይጽፋል። በሲሪንቃ ማዕከል ሥራ ውስጥ ይህ የአሳታፊ ዝርያ መረጣ ቦታ አግኝቷል። እኔ ከዚህ ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች ሁሉ ይበልጥ የማከብረው ይህንን አሠራር ነው።

በከተማ ዩኤክስ ዲዛይን የሚባለው ሙያም ከዚህ የተለየ አይደለም። ዩኤክስ ማለት አንድ ሰው ዕቃን ወይም አገልግሎትን ሲጠቀም የሚገጥመውን ሁሉ ማሰብ ነው፤ የአጠቃቀም ጥናት ደግሞ ዕቃው በተጠቃሚው እጅ ሲገባ ቆሞ ማየት። ምርጥ ምድጃን አስቡት። በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ እየተቀረጸ ሲወጣ ሴቶቹን ምጣዳችሁን ጣሉ አላላቸውም። የለመዱትን የሸክላ ምጣድ ተቀበለ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ አወረደ፣ የሚወጣውም ሙቀት ወጥ እንዲያሞቅ ከኋላው ድስት መጣጃ ተሠራለት። የጋጋሪዋን እጅ አይቶ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ መርሳ እንመለስ። ገበያው ዳር ሲም ካርድና ሞባይል ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች በሉ። እዚያ ደጃፍ የቆመችውን እናት የሠራኋት ከብዙ እናቶች ነው፤ ስም አልሰጣትም፣ እትዬ እንበላት። ልጇ ሳዑዲ ዓረቢያ ናት። ከሀብሩ ስንቱ ወጣት በጅቡቲ አሸዋና በቀይ ባሕር እንደተሻገረ አገር ያውቃል፤ ስንቱ ቤትም በዚያ ገንዘብ ቆርቆሮ እንደለበሰ እንዲሁ። ዛሬ ልጇ የላከችው ብር በስልኳ ገብቷል ተብላለች፤ ከዚያ ላይ ለወንድሟ ልታስተላልፍ ነው።

"እትዬ፣ መጀመሪያ ኮከብ ይጫኑ። ከዚያ ቁጥሮቹን፣ መጨረሻ ላይ መሰላል።"

"መሰላሉ የቱ ነው ልጄ?"

"ከታች በስተቀኝ፣ ያቺ የተጠላለፈችው።"

ተጫነች። መስኮቱ በዝርዝር ተሞላ፤ አማርኛ ነው፣ ግን በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። ዓይኗን አጥብባ አንዱን ቃል ለመያዝ ስትሞክር መስኮቱ ጠፋ።

"ሄደብኝ!"

"አብሽሪ... ይቅርታ እትዬ፣ አብሽሩ። ጊዜው አልፎ ነው። እንደገና ይጀምሩ።"

እንደገና ጀመረች። በሁለተኛው ላይ ሦስት ቁጥር አልፋ አራተኛው ላይ ተሳሳተች፤ ወደ ኋላ መመለሻ ስለሌለው ከኮከብ ጀመረች። ሰልፉ ረዘመ፣ ከኋላዋ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁም ጨነቀውና፣ "እትዬ፣ ስልኩን ይስጡኝ፤ ሚስጥር ቁጥርዎን ብቻ ይንገሩኝ" አላት። ነገረችው፤ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ አራቱንም ቁጥር፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ገንዘቡ ተላለፈ። እትዬም ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "ምን ላድርግ ልጄ፣ አልተማርኩ!" ብላ ወጣች።

ይህ "አልተማርኩ" የሚለው ቃል ነው ይህን ትረካ ያስጀመረኝ። ምክንያቱም እትዬ ተምራለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ልጅ ነበረች፤ ማታ በኩራዝ፣ በጎጆ ውስጥ፣ ሀሁ ቆጥራለች። ቀስ ብላ ነው እንጂ ታነባለች። የቀበሌውን ማስታወቂያ ታነባለች፣ የዘይቱን ጀሪካን ታነባለች። ያልተማረች ያደረጋት ስልኩ ነው፤ በተማረችው ፊደል አልጻፈላትምና።

ለምን አልጻፈላትም? አጭሩ የስልክ መልእክት በ160 ፊደል የተወሰነው ጀርመናዊው ፍሪድሄልም ሂለብራንድ በ1985 እ.ኤ.አ. ቦን ከተማ ቤቱ ተቀምጦ፣ በታይፕ መምቻው ያገኘውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ እየመታ ፊደሉን ቆጥሮ፣ ይህ ይበቃል ብሎ ስለገመተ ነው። ለእሱ ቋንቋ በቃ። ላቲኑ ፊደል በሰባት ቢት ይጻፋል፤ የእኛ ፊደል ግን አሥራ ስድስት ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ በዚያው መልእክት ውስጥ 70 ብቻ ይገባል። የኮከብና የመሰላሉ ዝርዝርም እንዲሁ ይጠባል። አገልግሎት ሰጪው ታዲያ ቦታ ለመቆጠብና በአሮጌ ስልክ ላይ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነ እንዳይወጣ ብሎ ወደ ላቲን ይሸሻል። ሒሳቡ ግን እንደሚባለው አይደለም። "መልካም" በእኛ አራት ፊደል ነው፤ በላቲን ስድስት። ፊደላችን አናባቢውን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ ጠባብ ቦታ ውስጥ ብዙ ይናገራል። ዝርዝሩን ወደ ሦስት ምርጫ የሚያሳጥር፣ ቃሉን የሚመርጥ ሰው ቢቀጠርበት ይበቃ ነበር። የጎደለው ቦታ ሳይሆን ድካም ነው።

ሌላም አለ። ባንክ ስትሄድ ስሟ ይጠየቃል። በፊደላችን ለምሳሌ ፋጡማ አንድ ናት፤ በላቲን ግን እንደ ጸሐፊው እጅ አራት አምስት መልክ ታወጣለች። ሰይድም፣ መሐመድም በላቲን እንዲሁ መልካቸው ይበዛል። ሳዑዲ ያለችው ልጅ በአንዱ ትልካለች፣ መታወቂያው በሌላው ተጽፏል፣ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ደግሞ "አይገጥምም" ይላል። የቅጹ "የቤተሰብ ስም" የሚለው ሣጥንም የአባት ስም ይውጥና እትዬን በአባቷ ስም ይጠራታል። ሰዓቱም አለ፤ ብሩ ከምሽቱ 1፡40 ገብቶ መልእክቱ 19፡40 ይላል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ሲደማመር ግን ከውርጌሳ በእግሯ የመጣችን ሴት ባዶ እጇን ይመልሳታል።

የወረቀት ብር እንዲህ አላስቸገራትም። ፊደል ያልቆጠረው ሽማግሌ እንኳ ብሩን በቀለሙና በመጠኑ ለይቶ ያውቀዋል፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ ኖቶችና ባለ 200ው ሲወጡ ገበያው ቶሎ ለምዷቸዋል። ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን ቀለሙ ጠፋ፣ መጠኑ ጠፋ፣ የቀረው በባዕድ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር ነው።

አሜሪካዊው ዶናልድ ኖርማን በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ዕለት ተዕለት ዕቃዎች አሠራር መጽሐፍ አውጥቷል። ሰዎች በር መክፈት ሲያቅታቸው፣ የምድጃ ማብሪያ ሲያምታታቸው ራሳቸውን እንደሚወቅሱ አየ፤ ወቀሳው ለዕቃው ሠሪ እንደሚገባም ተከራከረ። እኔም በዚህ እቆማለሁ፤ ከእሱም ትንሽ እገፋበታለሁ። እኛ ዘንድ ራስን መውቀሱ ይብሳል፤ ድህነትና አለመማር እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ኖሯልና። እትዬ ከሱቁ ስትወጣ ያፈረችው እሷ ናት። ማፈር የነበረበት ያን ዝርዝር ጽፎ መርሳ ሳይመጣ የለቀቀው ሰው ነው።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም፤ ማስረጃው በእትዬ እጅ ላይ ነው። የስልኳ ቁልፎች አደራደር ከሰማይ አልወረደም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በቤል ቤተ ሙከራዎች ጆን ካርሊን የሚባል፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ቁልፎቹን በክብም፣ በመስመርም፣ በሣጥንም፣ ከደርዘን በላይ በሆነ አደራደር ሠርተው ለሰው ሰጡ፤ የቱ ላይ ይፈጥናል፣ የቱ ላይ ይሳሳታል፣ የቱን ይወዳል ብለው ቆጠሩ። ጥናቱ በ1960 ታተመ፣ ስልኩ በ1963 ገበያ ላይ ዋለ። ኮከብና መሰላል በ1968 ታከሉበት። የወልድያ ነጋዴዎች ሒሳብ ማሽኑን አንሥተው ከስልካቸው ጎን ያስቀምጡት፤ በማሽኑ ሰባት ከላይ ነው፣ በስልኩ አንድ ከላይ። ልዩነቱን ያመጣው ያ የሰው ሙከራ ነው። እንግዲህ እትዬ የምትጫነው ቁልፍ በሰው እጅ ተፈትኗል፤ ቁልፉ የሚከፍትላት ዝርዝር ግን አልተፈተነም።

ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ዴንማርካዊው ጃኮብ ኒልሰን ከቶማስ ላንዳወር ጋር አስልቶ እንዳሳየው፣ አምስት ሰው ዕቃውን ሲሞክር ብታዩ ከአጠቃቀም ችግሮቹ አብዛኛው፣ በእነሱ ስሌት ወደ 85 በመቶው፣ ይወጣል። ይህ የሚሠራው ግን አምስቱ ከዕቃው ተጠቃሚ ወገን ሲሆኑ ነው። ቦሌ ካፌ ውስጥ የተቀመጡ አምስት ወጣቶች ስለ እትዬ ምንም አይነግሩንም። ለሀብሩ የሀብሩ አምስት ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ወሎን ለማያውቅ አጥኚ አንድ ምክር አለኝ። እትዬን "አገልግሎቱ ተመችቶዎታል?" ብላችሁ ብትጠይቋት፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው ልጄ" ትላችኋለች። እንግዳ ናችሁ፤ ቤቷ መጥታችሁ ዕቃችሁን ልታጣጥል? ይሉኝታ አለ። ቡና አፍልታ፣ መርቃ ትሸኛችኋለች፤ እናንተም "ተጠቃሚዎች ረክተዋል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ አትጠይቋት። "ለወንድምዎ 50 ብር ይላኩለት" በሏትና ዝም ብላችሁ እጇን እዩ። የት ቆመች? ጣቷ የት ተንጠለጠለ? መቼ ወደ እናንተ ቀና አለች? አትርዷት፤ መርዳት ሲያምራችሁ እርሳስ ጨብጡ። ያ ቀና ያለችበት ቅጽበት ነው ሪፖርታችሁ።

ደግ ምሳሌም አለን። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር 8028 የተባለ የገበሬ መስመር ከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋውን ይመርጣል፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይ በሰው ድምፅ ይሰማል። ማንበብ አልተጠየቀም። ጆሮ ያለው ሁሉ ገባበት፤ ጥሪውም በሚሊዮን ተቆጠረ። የገንዘቡ ዝርዝር በድምፅ መናገር ያቃተው ለምንድን ነው?

ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ሲጀምር ከዘመናዊው መተግበሪያ ጎን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን *127# ማኖሩም ተገቢ ነበር። ይህን የምለው በሰሜን ወሎ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስለማውቅ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያን ያዘ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራቱ፣ ኔትወርኩ፣ ባንኩ አልነበረም። ከ2015 መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ኔትወርክ መኖሩን እንደ አየር ይቆጥረዋል። ለሀብሩ የሚሠራ ሰው መጥፋቱን አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ መልእክቱ በመሐል ቢቋረጥ ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም የሚለውን ለእትዬ በግልጽ መንገር አለበት።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ፕሮግራማችሁን ለመምህራችሁ ከማቅረባችሁ በፊት ገበያ ውረዱና ለአምስት እናቶች ስጧቸው። ባንኮችና የስልክ ድርጅቶችም ዝርዝራችሁን በፊደላችን አሳጥራችሁ ጻፉ፣ የመመለሻ ቁጥር ጨምሩበት፣ የመጠበቂያውን ደቂቃ አርዝሙት፣ በድምፅም አድርጉት። አንተም አንቺም፣ እናታችሁ ስልኩን ስትዘረጋላችሁ ነጥቃችሁ አትጨርሱላት። ራሷ ትሞክር፤ የቆመችበትን ቦታ ጻፉና ለአገልግሎቱ ባለቤት አሳውቁ። ሚስጥር ቁጥሯንም እሷ ትጫን፤ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ።